ከነልጆቻችሁ አገር ቤት ስትሄዱ፦ ትኬት ከመቁረጥ በፊት እስከ ተመለሳችሁበት ሳምንት

የመጀመሪያው ጉዟችን 3 ሳምንት ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ20 በላይ ቤት ገባን። ሁሉም በፍቅር ተቀበለን፣ አንዱንም አልጠላሁትም። ተመልሰን ሻንጣ ስናራግፍ ግን አንድ ነገር ቆጨኝ። የሄድነው ልጃችን አያቶቿን እንድታውቅ ነበር። ልጄና አያቷ ያለ እንግዳ፣ ያለ ችኮላ፣ ሁለቱ ብቻ አብረው የዋሉት ሁለት ቀን ብቻ ሆኖ አገኘሁት። የተቀረው ጊዜ በመኪና ውስጥ፣ በመልበስና በማውለቅ፣ በሰላምታና በስንብት አለቀ።

በሁለተኛው ጉዞ ልጃችን 4 ዓመቷ ነበር፣ ታናሿ ደግሞ 9 ወሩ። ዕቅዱን ከእነዚያ ሁለት ቀናት ጀመርን። እንዲህ ያሉ ተራ ቀናት እንዴት ይብዙልን ብለን ጠየቅን። ትኬቱም፣ ሻንጣውም፣ ክትባቱም ለዚያ ሲባል ተስተካከለ። ቅደም ተከተሉ ይኸው።

1. ትኬት ከማየታችሁ በፊት ሁለታችሁ ተቀመጡ

አንድ ምሽት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። መጀመሪያ የሚጻፈው ቀን አይደለም፣ ምክንያት ነው። እያንዳንዳችሁ “ከዚህ ጉዞ አንድ ነገር ብቻ ቢሳካ ምን ይሁን?” ለሚለው ለየብቻ መልስ ጻፉ። ከዚያ ተለዋወጡ። የኔ መልስና የባለቤቴ መልስ አልተመሳሰለም ነበር። እሱ ከታመመው አባቱ ጋር መቀመጥ ፈልጓል። እኔ ልጆቹ ቋንቋውን በጆሯቸው እንዲሰሙ። ይህን ሳንነጋገር ብንሄድ ኖሮ በመሃል መጣላታችን አይቀርም ነበር።

ቀጥሎ የሁለቱን ወላጆች ቤት አስቡ። የማን ቤት ይታደራል? የት ስንት ሌሊት? ይህ ጥያቄ እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ከተነሳ ሰው ይጎዳል። አሁን ከተወሰነ ግን ዕቅድ ነው። እኩል መካፈል የግድ አይደለም፤ የታመመ ካለ፣ ቤቱ ለሕፃን የሚመች ከሆነ ሚዛኑ ያዘነብላል። ዋናው ነገር ሁለታችሁም ከልብ ተስማምታችሁ መውጣታችሁ ነው። ለቤተሰብ የሚነግረውም የራሱ ልጅ ይሁን። እኔ ለእናቴ፣ እሱ ለእናቱ። አማት ምራቷ ወይም አማቿ ከሚነግራት ይልቅ ከልጇ አፍ ስትሰማ ይቀላታል።

ከዚያ ቀኖቹን ቁጠሩና ግማሹን ባዶ አድርጉ። ይህን አጥብቄ እላለሁ። 20 ቀን ካላችሁ 10ሩ ላይ ምንም አትጻፉ። ጉብኝት፣ ግብዣ፣ ጉዳይ ማስፈጸም ሁሉ በቀሪው 10 ቀን ውስጥ ይግባ። ካልገባ ይቀነስ።

የስጦታውንም ጉዳይ በዚያው ምሽት ጨርሱት። በአጠቃላይ ስንት ብር እንደምታወጡ፣ ለማን ምን እንደምትይዙ ጻፉ። ገደብ ያልተበጀለት ስጦታ ከትኬት ሊበልጥ ይችላል። ተበድራችሁ አትሂዱ። የሚወዷችሁ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ደስ አይላቸውም።

2. ትኬት

ዕድሜያቸው 2 ዓመት ያልሞላ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ በወላጅ እቅፍ ይጓዛሉ። በዓለም አቀፍ በረራ ዋጋቸው ከአዋቂው 10 በመቶ ገደማ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ልጁ ጉዞው መሃል 2 ዓመት ከሞላው ለመልሱ የራሱ ወንበር ያስፈልገዋል። የልደት ቀኑን ከመመለሻ ቀኑ ጋር አስተያዩ።

ትንሽ ሕፃን ካላችሁ ከፊት ግድግዳው ላይ የሚሰካውን የሕፃን አልጋ ትኬት በቆረጣችሁበት ቀን ጠይቁ። በአንድ አውሮፕላን ላይ ያለው ቁጥር ጥቂት ነው። የክብደትና የቁመት ገደብም አለው። እኛ በመጀመሪያው ጉዞ ቼክ ኢን ላይ ስንጠይቅ አልቆ ነበር፤ ልጅቷን ሌሊቱን ሙሉ ታቅፈናት አደርን። በስልክ ብታስመዘግቡም በጽሑፍ ማረጋገጫ ይላክላችሁ።

የሌሊት በረራ ለልጆች ይሻላል ባይ ነኝ። በመኝታ ሰዓታቸው ከተነሳችሁ ቢያንስ ከፊሉን መንገድ ይተኛሉ። ትራንዚት ካለ ከ2 ሰዓት ያነሰ አትምረጡ። ከጋሪና ከሕፃን ጋር አንዱ በር ላይ ወርዶ ሌላው በር ላይ ለመድረስ ጊዜ ይፈጃል። ሁለቱን በረራ በአንድ ትኬት ቁረጡ፤ የመጀመሪያው ቢዘገይ ቀጣዩን የማመቻቸት ኃላፊነቱ የአየር መንገዱ ይሆናል። መመለሻውን ደግሞ ሥራ ከመግባታችሁ 2 ወይም 3 ቀን አስቀድሙ።

3. ወረቀት

ብዙ አገሮች ፓስፖርታችሁ ቢያንስ ለ6 ወር የሚያገለግል መሆን አለበት ይላሉ። የልጆች ፓስፖርት ደግሞ በብዙ አገር ከአዋቂው ቶሎ ያበቃል፣ 5 ዓመት የተለመደ ነው። ስለዚህ የእናንተን አይታችሁ አትዘናጉ፣ የእያንዳንዱን ልጅ ለየብቻ ክፈቱና ተመልከቱ። የልጆቹ ዜግነት ከእናንተ የተለየ ከሆነ እናንተ ቪዛ የማያስፈልጋችሁ ቦታ እነሱን ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ትራንዚት የምታደርጉበትንም አገር ጨምራችሁ አጣሩ።

አንድ ወላጅ ብቻውን ከልጆቹ ጋር የሚሄድ ከሆነ ከሌላው ወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ ይያዝ። በሕግ አዋቂ ወይም በሰነድ አረጋጋጭ ፊት የተፈረመ ቢሆን ይመረጣል። የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂም ያዙ፣ በተለይ የልጁ ስም ከአጃቢው ወላጅ ስም ጋር የማይገናኝ ከሆነ። የሁሉንም ሰነድ ፎቶ በስልካችሁ አንሱ፣ ለአንድ የምታምኑት ዘመድም ላኩ። የጉዞ የጤና መድን ግቡ። ልጆቹን በስም የሚጠቅስ መሆኑን አረጋግጡ።

4. ሐኪም ዘንድ ቀደም ብላችሁ ሂዱ

ከጉዞው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲቀር ቀጠሮ ያዙ። አንዳንድ ክትባት በሁለት ዙር ይሰጣል፣ አንዳንዱም ለመሥራት ቀናት ይፈልጋል።

ይህን ክፍል ዘለግ አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ ምክንያቱም አገር ቤት የምንሄድ ሰዎች እዚህ ላይ ነው የምንዘናጋው። “እኔ እዚያ አይደል ያደግሁት? ምን ሆንኩ?” እንላለን። ዘመድ ጥየቃ የሚሄዱ ሰዎች ከሌላው ተጓዥ ይልቅ በወባ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን ሐኪሞች ያውቁታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እኛ እንደ አገር ጎብኚ ሐኪም አናማክርም። የምናርፈው በዘመድ ቤት ነው፣ ብዙ እንቆያለን፣ ከከተማ ወጣ እንላለን። ደግሞም ወባ ባለበት ያደገ ሰው የነበረው ከፊል መከላከያ ከአካባቢው ርቆ ሲቆይ ይሟሽሻል። ውጭ የተወለዱ ልጆቻችን ደግሞ ከመጀመሪያውም የላቸውም። ስለዚህ የምትሄዱበት አካባቢ ወባ ካለበት መከላከያ መድኃኒቱን ጠይቁ። አንዳንዱ ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀር ይጀመራል። ሌላው ሳምንታት ይቀድማል። ሁሉም ግን ከተመለሳችሁ በኋላ ይቀጥላል፣ እዚያ ላይ ማቋረጥ የለም።

ሌላው ኩፍኝ ነው። የተለመደው ክትባት ልጁ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው ይሰጣል። ዓለም አቀፍ ጉዞ ለሚሄድ ሕፃን ግን ከ6 ወሩ ጀምሮ አንድ ተጨማሪ ዙር ሊሰጠው ይችላል። ያ ዙር ከመደበኛው አይቆጠርም፣ በኋላ መደበኛው ይደገማል። የእኛ ልጅ 8 ወሩ ላይ ተከተበ። ሐኪሟን ባንጠይቃት ኖሮ አናውቀውም ነበር።

የቢጫ ወባ ክትባት የሚጠየቅበት አገር ከሆነ ምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2016 ወዲህ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ስለዚህ የቆየ ቢጫ ካርድ ካላችሁ አትጣሉት። ሕፃናት አብዛኛውን ጊዜ 9 ወር ሳይሞላቸው አይከተቡትም።

የትኩሳት ማስታገሻ ሽሮፕ ከምትኖሩበት ያዙ። ይህ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም። የሽሮፑ ጥንካሬ ከአገር አገር ይለያያል። አንዱ ፓራሲታሞል በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም አለው፣ ሌላው 160፣ ሌላው 250። በለመዳችሁት ማንኪያ እዚያ የተገዛውን ብትሰጡ መጠኑ እጥፍ ሊሆን ይችላል። የልጆቹን ክብደት ከጉዞው በፊት መዝኑ። ሐኪሙ በክብደታቸው ልክ መጠኑን ይጻፍላችሁ። ወረቀቱን ጠርሙሱ ላይ በፕላስተር ለጥፉት።

5. ልጆቹን ለሰዎቹ አዘጋጁ

ልጆችን ስለ ቦታው ከመንገር ይልቅ ሰዎቹን ማስተዋወቅ ይበልጣል። ከ2 ወር በፊት ጀምሩ።

ከአያቶች ጋር ቪዲዮ ኮል ታደርጋላችሁ፣ አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ ግን የምናወራው እኛ ነን፣ ልጁ መሃል ገብቶ እጁን ያወዛውዝና ይሄዳል። ይህን ቀይሩት። አያትየው የሚሠሩት ነገር ይኑር። ተረት ይንገሩ፣ ዘፈን ይዝፈኑ፣ ጓሯቸውን ያሳዩ። ስልኩን ልጁ ቁመት ላይ አቁማችሁ እናንተ ዞር በሉ። 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ግን በሳምንት ሦስቴ፣ በአንድ ሰዓት። የሕፃናት ሐኪሞች ከ18 ወር በታች ላሉ ልጆች ስክሪን አትስጡ ሲሉ የቪዲዮ ጥሪን ለይተው ይፈቅዳሉ። ትንሹም ቢሆን ድምፁንና ፊቱን ይለምዳል።

ፎቶ አትሙና ትንሽ አልበም ሥሩ። በስልክ ሳይሆን በወረቀት፣ ልጁ በእጁ እንዲገልጠው። ከ10 ሰው አይብለጥ። “ይቺ አክስት ናት። ይሄ ውሻው ነው። ይሄ የምንተኛበት ክፍል ነው።” ልጄ ያንን አልበም ከማየቷ የተነሳ በሩ ሲከፈት አጎቷን በስሙ ጠራችው።

ቋንቋውን በተመለከተ ልጆቻችሁ ከሚናገሩት በላይ ይሰማሉ። ብዙ በውጭ ያደጉ ልጆች የሚባለውን ይረዳሉ፣ መልሱን ግን በሌላ ቋንቋ ይሰጣሉ። ይህን አስቀድማችሁ ለዘመድ ንገሩ፤ “ተናገሪ እስቲ!” እያሉ ሰው ፊት እንዳያስጨንቋት። በጉዞው ዋዜማ 15 ያህል ቃል ይበቃል፣ ለምሳሌ፦ ውሃ፣ ራበኝ፣ እንቅልፌ መጣ፣ ሽንት ቤት፣ አመመኝ፣ እምቢ፣ እባክህ፣ አመሰግናለሁ፣ ና፣ ነይ፣ እንጫወት። ሰላምታውን በትክክል ይለማመዱት። አያትን “አንቱ” ማለትን ልጅ ወዲያው አይዘውም፣ ግን ሲሞክር የአያቶቹ ፊት እንዴት እንደሚበራ ታያላችሁ።

አያቶችንም አዘጋጁ። ይህ ይረሳል። ሕፃናት ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ፣ በተለይ 8 እና 9 ወር ላይ፣ እንግዳ ሰው ይፈራሉ። የማያውቁት ሰው ሲያቅፋቸው ያለቅሳሉ። ይህ የጤና ነው፣ የእናታቸውን ፊት ለይተው የማወቃቸው ምልክት ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ሲጠብቁ ለኖሩ አያት ግን ልብ ይሰብራል። እኔ ለእናቴ ከሳምንት በፊት ደውዬ ነገርኳት። “እማዬ፣ መጀመሪያ ቀን ሊያለቅስብሽ ይችላል። አጠገቤ ተቀመጪ፣ አትቀበዪኝ፣ እሱ ራሱ ይመጣል።” እንዳልኳት አደረገች። በሁለተኛው ቀን ጠዋት እየዳኸ ሄዶ ቀሚሷን ያዘ። ከዚያ በኋላ ከሷ የሚነጥለው አልተገኘም።

6. ሻንጣ

በአጭሩ ልጨርሰው። የምትፈልጉትን ልብስ ግማሹን ያዙ፤ አገር ቤትም ልብስ ይታጠባል። የእጅ ሻንጣው ግን በጥንቃቄ ይታሰብ። ለእያንዳንዱ ልጅ 2 ቅያሪ፣ ለናንተም አንድ አንድ ሸሚዝ፤ ሕፃን ሲያስመልስ እናቱ ላይ ነው። ዳይፐር በጉዞው ሰዓት ልክ፣ ላይ ደግሞ 5 ጨምሩ። መድኃኒት ሁሉ ከእጃችሁ አይውጣ። በብዙ አየር ማረፊያዎች ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አይፈቀድም፤ የሕፃን ወተትና የታለበ የጡት ወተት ግን ለጉዞው በሚበቃ መጠን ይፈቀዳል። ለይታችሁ አውጥታችሁ አሳዩ። ፓወር ባንክ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም፣ በእጅ ነው የሚያዘው፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት (ላዩ ላይ Wh ተብሎ የሚጻፈው) ያለው ያልፋል። የጡጦ ማሞቂያና ሌላ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከመያዛችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ፣ “100–240” ካላለ በሌላ አገር ቮልቴጅ ሊቃጠል ይችላል።

የመኪና የሕፃን ወንበር ያዙ። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ብዙ አየር መንገዶች ያለ ክፍያ ይጭኑታል። በአግባቡ የታሰረ የሕፃን ወንበር በአደጋ ጊዜ የሕፃናትን ሞት ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። አገር ቤት ስንደርስ ግን “እቅፍ አድርገሽው ተቀመጪ፣ ቅርብ ነው” ይባላል። እቅፍ ሕፃንን አያድንም። በዚህ ጉዳይ ይሉኝታ አይያዛችሁ።

ከልጁ አልጋ ላይ አንድ ያልታጠበ አንሶላ ወይም የሚያቅፈውን አሻንጉሊት ጨምሩ። የቤቱ ሽታ እንግዳ ክፍል ውስጥ ያስተኛዋል። የሌሊት ትንሽ መብራትም አትርሱ። እኛ ረስተን ተቸግረናል።

7. አውሮፕላን ላይ

አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከ1800 እስከ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ያህል ነው። ጆሮ የሚያመው በተለይ ሲወርድ ነው። መውረድ የሚጀምረው መሬት ከመንካቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ሕፃኑን ያን ጊዜ አጥቡት ወይም ጡጦ ስጡት፤ መዋጥ ጆሮውን ይከፍታል። ትልቋ ልጅ የሚመጠጥ ከረሜላ ትያዝ። ልጁ ጉንፋን ይዞት ወይም ጆሮውን አሞት ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም ይየው።

ተራ ያዙ። እኛ 3 ሰዓት በ3 ሰዓት ተካፍለን ነበር። ተራው ያልሆነው ይተኛል፣ ልጅ ቢያለቅስም አይነሳም። ሁለታችሁም ነቅታችሁ ብታድሩ ስትደርሱ ሁለታችሁም አትረቡም። አዲስ መጫወቻ 4 ወይም 5 ያዙና በየሁለት ሰዓቱ አንድ አውጡ፣ ሁሉንም በአንዴ አይደለም።

8. የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት

እነዚህ ቀናት የማንም አይደሉም። እንግዳ አይጠራም፣ የትም አይኬድም። ከበረራው በፊት ይህን ለቤተሰብ ተናገሩ፤ “ልጆቹ እስኪለምዱ 3 ቀን ስጡን፣ በአራተኛው ቀን ኑልን” በሉ። ቅር የሚለው ይኖራል። በአራተኛው ቀን የሚስቅ ልጅ ሲያይ ግን ይረሳዋል።

ሰውነት የጊዜ ልዩነትን ለመልመድ ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል። ወደ ምሥራቅ ከተጓዛችሁ ልጆቹ በመኝታ ሰዓት አይተኙም፣ ጠዋትም አይነሱም። ወደ ምዕራብ ከሆነ በጊዜ ይደክሙና ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅተው ይጫወታሉ። የሚረዳው ብርሃን ነው። ቀን ከቤት አውጧቸው፤ ማታ መብራት አደብዝዙ። የቀን እንቅልፍ ይፈቀድ፣ ግን ከ2 ሰዓት በላይ ሲሆን ቀስ ብላችሁ ቀስቅሷቸው። የመኝታውን ሥርዓት እዚያም አትለውጡት፦ ገላ መታጠብ፣ ተረት፣ መብራት ማጥፋት።

በመጀመሪያው ቀን ከአያት ጋር ቤቱን ዙሩ። ተንበርክካችሁ፣ በሕፃኑ ቁመት እዩት። ትልቁ አደጋ የአያቶች መድኃኒት ነው። የደም ግፊትና የስኳር ኪኒን አልጋ ራስጌ፣ ቦርሳ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ልጅ ከረሜላ ይመስለዋል፤ አንዳንዱ ኪኒን አንድ ፍሬ እንኳ ለሕፃን ከባድ ነው። ሁሉንም ሰብስባችሁ ከፍ ያለ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፉ። ቀጥሎ የሚፈላ ውሃ፣ ክፍት እሳት፣ ደረጃ፣ ጉድጓድ፣ የውሃ በርሜል፣ ውሻ። ሕፃን በትንሽ ባልዲ ውሃ ውስጥም ሊሰጥም ይችላል።

9. ተራ ቀን

እንግዲህ ለዚህ ነው የመጣነው።

ተራ ቀን ማለት ልጁ ከአያቱ ጋር የአያቱን ሥራ የሚሠራበት ቀን ነው። ለልጅ የተለየ ዝግጅት አያስፈልግም። አያት አትክልት ውሃ ሲያጠጡ ትንሽ ጣሳ ስጡት። ልብስ ሲያጥፉ ካልሲውን ያጣምር። ሱቅ ሲሄዱ ይከተል። ልጄ ቋንቋውን የተማረችው እዚህ ነው፦ “አምጪው፣ ያዢው፣ ተይው፣ ጎበዝ!” በ3 ሳምንት ውስጥ ከዓመት ትምህርት የበለጠ አወራች። ስሕተቷን አላረምንም። አያቷም አላረሟት፤ ትክክለኛውን ቃል ብቻ መልሰው ይሉታል፣ እሷም ትይዘዋለች።

እናንተ ከክፍሉ ውጡ። ይህ ከባዱ ነው። ወላጅ ካለ ልጅ ወደ ወላጁ ይዞራል፣ በወላጁም ቋንቋ ያወራል። 20 ደቂቃ ጀምሩ፣ ከዚያ ሰዓት፣ ከዚያ ግማሽ ቀን። ስልክ አውጥታችሁ አትቅረጹ። ካሜራ ሲመጣ አያትየው ቀሚሳቸውን ያስተካክላሉ፣ ልጁም ጨዋታውን ይተዋል። በቀን አንድ ፎቶ ይበቃል።

የቀሩትን ዘመዶች በአንድ ቀን ሰብስቧቸው። ቤት ለቤት ከመዞር ይልቅ ቀን ቆርጣችሁ “ሁላችሁም ኑ” በሉ። መምጣት የማይችሉ ሽማግሌዎችንና የታመሙትን ግን ሄዳችሁ ጠይቁ፣ እነዚህ አይቀነሱም። በቀን ከአንድ ቤት አይብለጥ። ልጅ ሳይተኛ አይኬድም። ስም፣ ዝምድና፣ የት እንደተገናኛችሁ ማታ ማታ ደብተር ላይ ጻፉ፤ በሚቀጥለው ስልክ ስትደውሉ “የልጅሽ ፈተና እንዴት ሆነ?” ማለት ትችላላችሁ።

10. በልጅ አስተዳደግ ስትለያዩ

ይለያያል። አያት በደረቱ ያስተኙታል፣ እናንተ በጀርባው። እነሱ ውሃ ወይም ማር ያቀምሱታል፣ እናንተ አይሆንም ትላላችሁ። ወላጆቻችን እኛን ያሳደጉት በጊዜው በተሰጣቸው ምክር ነው። ሕፃን በጀርባው ይተኛ የሚለው ዘመቻ እንኳ የመጣው በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ነው። ይህን ስታስረዱ ክብራቸው አይነካም፤ “እናንተ ተሳስታችኋል” ሳይሆን “ምክሩ ተለውጧል” ነው ነገሩ።

እኔና ባለቤቴ ነገሮችን ለሁለት ከፈልን። ለድርድር የማይቀርቡት ጥቂት ናቸው፦ የመኪና ወንበር፣ በጀርባ ማስተኛት፣ ዓመት ላልሞላው ማር አለመስጠት፣ ከ6 ወር በታች ለሆነ ከጡት ወይም ከሕፃን ወተት ሌላ ምንም አለመስጠት፣ መድኃኒት ያለ እኛ አለመስጠት። የቀረውን ሁሉ ለቀቅነው። ዘግይቶ መተኛት፣ ከረሜላ፣ ሁልጊዜ መታቀፍ ለ3 ሳምንት ማንንም አይጎዳም። የማይቀረውን ጉዳይ የምትናገሩት ለየራሳችሁ ወላጅ ነው፣ ሰው በሌለበት፣ በዝግታ።

ልጅ መሳም ካልፈለገ አታስገድዱት። ግን ሰላም ሳይል አይለፍ። እጁን ይስጥ ወይም ያወዛውዝ።

11. ከታመሙ

ተቅማጥ የተለመደ ነው። ለሚጠጣ ውሃ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይንተክተክ፤ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሆነ 3 ደቂቃ። የዱቄት ወተት ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ሙቅ ውሃ ይበጠበጥ፣ ከዚያ ይቀዝቅዝ። የኦ.አር.ኤስ. (በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት) ፓኬት ይዛችሁ ሂዱ። ካለቀባችሁ ለጊዜው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ጨው አይብዛ። ጡት የሚጠባ ይጥባ። ለ6 ሰዓት ያህል ሽንት ካልሸና፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ከዛለ ወይም ሰገራው ደም ካለው ሐኪም ቤት ውሰዱት። ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን 38 ዲግሪ ከሞቀ ሰዓት አትጠብቁ።

ውሻ ወይም ሌላ እንስሳ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ለክትባት ሂዱ። የሰፈር ውሻ ነው፣ እናውቀዋለን ቢባልም። ወባ ባለበት አካባቢ ልጆቹ በመድኃኒት በተነከረ አጎበር ውስጥ ይተኙ፣ ትኩሳት ከመጣም ሳይውል ሳያድር ደም ይታይ።

12. ስንብትና መመለስ

ከመሄጃችሁ 3 ቀን ሲቀር ለልጁ ንገሩት። በመጨረሻው ሰዓት ድንገት አይሁን። “ሦስት ሌሊት እንተኛለን፣ ከዚያ እንሄዳለን።” የመጨረሻው ቀን ባዶ ከሆኑት ቀኖች አንዱ ይሁን፤ ሻንጣ ከዋዜማው ይታሰር። ልጁና አያቱ ነገር ይለዋወጡ። ልጄ ጫማዋን በራቸው ሥር ትታ መጣች፤ እሳቸው ደግሞ የሚለብሱትን ሻርፕ ሰጧት። አያቶች ሲያለቅሱ ልጁ ቢያይ ችግር የለውም፤ “አያትሽ ስለምትወድሽ ነው የምታለቅሰው” በሏት።

በደረሳችሁበት ምሽት፣ የቱንም ያህል ቢደክማችሁ፣ ደውሉ። ቤቱ ጭር ያለው ለእነሱ ነው። ቀደም ሲል የነበረው የሳምንት ሦስት ጥሪ በዚያው ሰዓት ይቀጥል፤ አሁን ግን ልጁ የሚጠይቀው ነገር አለው። አትክልቱ በቀለ? ውሻው በላ?

ከተመለሳችሁ በኋላ ከልጆቹ ወይም ከናንተ አንዱ ትኩሳት ከያዘው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት፣ ለሐኪሙ ከየት እንደመጣችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። የወባ መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ፍሬ ዋጡ።

በዚያው ሳምንት፣ ትዝታው ሳይደበዝዝ፣ ሁለታችሁ እንደገና ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ምሽት ወረቀት አውጡና ከጎኑ ጻፉ፤ የጎደለው ምን ነበር፣ ያለ ጥቅም የተሸከማችሁት ምን ነበር፣ የቱ ቀን ጥሩ ነበር፣ ሳትጠይቁት የመጣችሁት ማን ነው። የእኛ ወረቀት ፓስፖርቶቹ ያሉበት መሳቢያ ውስጥ ነው። ከላይ “የሌሊት መብራት” ይላል፣ ከሥሩ “የባለቤቴ አባት ጋ 4 ሌሊት ይጨመር”።